ቤትም ትምህርት ቤት ነው

ትምህርት ቤት ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ የያዘ አስተማሪ ነው። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። ሞፈርን ከቀንበር ማዋደድን ማን አስተማረን? ደመናውን አይቶ ዛሬ ይዘንባል፣ አይዘንብም ማለትን ከማን ተማርን? ጥጥ መፍተልን፣ ሊጥ ማቡካትን፣ የታመመችን ላም ከጤነኛዋ መለየትን የት ተማርነው? መልሱ አንድ ነው፤ በቤታችን፣ ከእናትና ከአባታችን ነው።

እንግዲህ ቤት ከጥንት ጀምሮ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ነው። በዚህ ትምህርት ቤት የጎደለው ፊደል ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በፊት በአገራችን ከ100 ሰዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገበሬው፣ ባለቤቱና ልጆቹ በአንድ ዳስ ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ትምህርቱም እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ።

ታዲያ ዳሱ ሲፈርስስ? ዘማቹ ተማሪ ወደ መጣበት ሲመለስስ? ያወቅነው ፊደል እንዳይጠፋ የት እናኑረው? ሥራ ያልሠራ ማረሻ ይዝጋል። ያልተነበበ ፊደልም እንዲሁ ከአእምሮ ይጠፋል። ፊደል የሚኖርበት ቦታ ቤታችን ነው። ይህንን እኔ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ላስተምር በሄድኩበት መንደር፣ ባረፍኩበት ቤት፣ ከምድጃ ዳር የተማርኩት ነው።

ከመተማ የመጣው ደብዳቤ

መንደሯ በጎጃም ውስጥ ከጮቄ ተራራ በታች ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅልበታል። ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያረፍኩበት ቤት አባወራ፣ ባለቤታቸው፣ 10 ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ልጃቸውና አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ ይኖሩበታል። የበኩር ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዷል።

አባወራው በዳሱ ትምህርት ጎበዝ ነበሩ። ሆኖም እርሻው፣ አረሙ፣ የሰው ጉዳይ ሲደራረብ መጽሐፋቸውን ከግድግዳው ላይ ሰክተው ረሱት። ማታ ደክሟቸው ይገባሉ። ልጆቹ ሲንጫጩ ይቆጣሉ። ባለቤታቸውም ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲቀዱ፣ እህል ሲፈጩ ውለው የቀረ ትዕግሥት የላቸውም። ራት ተበልቶ፣ አንድ ሁለት ክፉ ቃል ተነጋግሮ፣ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። አብሮ እየኖሩ አለመጨዋወት፣ ያው ድካም ያመጣው ነው።

እኔም ብሆን ከእነሱ አልሻልም ነበር። አንድ ቀን በዳሱ ውስጥ አንዲት አሮጊት «በ»ንና «ሰ»ን ደጋግመው ሲያምታቱ ተቆጣኋቸው። ሴትዮዋ ዝም ብለው መሬት መሬት አዩ። ያን ማታ የቤቱ እመቤት ሊጥ የያዘውን ቡሃቃ ወደ ምድጃው ጠጋ እያደረጉ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ሊጥ እንኳ በብርድ ቀን ቶሎ አይነሳም። ታዲያ ሊጡን እንቆጣዋለን? ጠጋ አድርገን እናሞቀዋለን እንጂ።»

የምመልሰው አጣሁ። በማግሥቱ አሮጊቷን ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ መንገደኛ ከመተማ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ቀድሞ ቢሆን ደብዳቤው ወደ አንባቢ ይወሰዳል። አንባቢው እስኪገኝ ሳምንት ያልፋል፤ የቤቱን ምሥጢርም ሌላው ይሰማዋል። ያን ማታ ግን አንባቢ በቤቱ ነበረ። እጄን ዘርግቼ «ይስጡኝ ጋሼ፣ ላንብብልዎት» አልኩ። አባወራው ፖስታውን እያገላበጡ ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ፦

«ተወው ልጄ። ዛሬ አንተ ታነብልናለህ። ነገ ወደ አገርህ ስትሄድስ ማን ያነብልናል? እኛው እንሞክረው።»

ፖስታውን ከፈቱ። ግን የእጅ ጽሕፈት እንደ መጽሐፉ ፊደል አይደለም፤ ይጠማዘዛል፣ ይያያዛል። ሁለት ሦስት ቃል ካነበቡ በኋላ ቆሙ። በዚህ ጊዜ ሴት ልጃቸው ከጎናቸው መጥታ ቁጭ አለች። ይህች ልጅ በዘመቻው አልተመዘገበችም ነበር። ቀን በግ ትጠብቃለች። ማታ ግን ዳሱ ውስጥ ከአባቷ ኋላ እየተቀመጠች ፊደሉን ለቅማለች። ጣቷን ከአባቷ ጣት ሥር አድርጋ ቀጠለች።

«እ…ኔ… ደ…ኅ…ና… ነኝ። ወ…ባ… ይዞኝ… ነበር።»

እናትየው «ወባ» የሚለውን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «ድኗል ወይ? ቶሎ ንገሩኝ!» አሉ። እኔ እንደገና እጄን ዘረጋሁ። ልጅቱ ግን ደብዳቤውን አልለቀቀችም። አባቷም ትከሻዋን ያዝ አደረጓት። ቃሉ ረጅም ነበር።

«መ…ድ…ኃ…ኒት… ወስጄ… ድ…ኛ…ለሁ። ለገና… እመጣለሁ።»

በቤቱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ እናትየው ተነሥተው ቡና ቆሉ። አባወራው ደብዳቤውን ደግመው፣ ከዚያም ሠልሰው አነበቡት። በመጨረሻው ላይ ሳይደናቀፉ ነበር። ያን ማታ በዚያ ቤት ክፉ ቃል አልተሰማም። መልሱንም ራሳቸው ጻፉ። አራት ማታ ፈጀባቸው። ከዚያ ወዲያ የምሽቱ ንባብ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ጸጥታ ከየት ይመጣል?

አንዳንድ ሰው «የቤት ጸጥታ የሚገኘው ሲጠግቡ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ የራበው ልጅ ፊደል አይገባውም። ነገር ግን ጠግበውም የማይስማሙ ቤቶች አሉ። ስለዚህ ሌላም የሚያስፈልግ ነገር አለ ማለት ነው። እርሱም አብሮ የሚሠራ፣ አብሮ የሚደሰቱበት አንድ ነገር ነው።

ሰው ሥራው ለምን እንደሆነ ሲገባው ድካሙ ይቀለዋል። አባት ቀኑን ሙሉ ያረሰው ለእነዚህ ልጆች መሆኑን ያውቃል። ግን ማታ ካላያቸው፣ ካላነጋገራቸው ይህን ማወቁ እንደ ተቀበረ እህል ነው፤ አይበላም። ልጅም እንዲሁ ነው። አባቱን የሚያውቀው በቁጣው ብቻ ከሆነ ይፈራዋል እንጂ አይቀርበውም። የፈራ ልጅ ደግሞ ያልገባውን አይጠይቅም። ያልጠየቀም አያውቅም።

ማታ ማታ የታወቀ አንድ የጋራ ሰዓት ሲኖር ልጁ ቀኑን ሙሉ ያንን ይጠብቃል። የሚጠይቀውን ይዞ ይመጣል። ባልና ሚስትም ስለ ዕዳና ስለ ጎረቤት ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ሌላም ይነጋገራሉ። በዚህ ዓይነት ቤቱ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ነው።

በቤት ውስጥ እንዴት እናስተምር?

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በቤት አለ።

1ኛ/ አጭርና የታወቀ ሰዓት ይኑረን። በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሻላል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የተማሩት ይቆያል። ፊደላችን 33 መነሻ ሆሄያት አሉት። እያንዳንዱም ከ«ሀ» እስከ «ሆ» እንዳለው 7 ድምፅ አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በቀን አንድ ረድፍ ብቻ ብናጠና በ33 ቀን ይዳረሳል።

2ኛ/ በእጃችን ባለው ነገር እንጻፍ። ደብተር ከሌለ የቀዘቀዘ አመድ በሰፌድ ላይ አስተካክሎ በጣት መጻፍ ይቻላል። ሲሳሳቱ እፍ ብሎ ማስተካከል ነው። የከሰል ቁራጭም በተጠረበ እንጨት ላይ ይጽፋል። ኩራዝ የምንጠቀም ከሆነ ከገለባና ከልጆች እጅ ራቅ አድርገን እናስቀምጠው።

3ኛ/ ሥራችን ራሱ ትምህርት ይሁን። ልጁ ጠዋት 14 በጎች ይዞ ከወጣ ማታ ሲገቡ ይቁጠር። «ከ14 በጎች 3ቱ ቢሸጡ ስንት ይቀራሉ?» ብለን እንጠይቀው። በባቄላ ፍሬ ቆጥሮ 11 ይላል። እህሉ በቁና ሲሰፈር ልጅቱ ትጻፈው፤ ለዘር ስንት፣ ለቀለብ ስንት፣ ለገበያ ስንት እንደሆነ ትደምረው። ይህ ለቤቱም ይጠቅማል። በግምት የሚያልቅ እህል ክረምት ላይ ያሳፍራል። የገበጣ ጨዋታም ቢሆን መቁጠርን፣ አስቀድሞ ማሰብንና ተራ መጠበቅን ያስተምራል።

4ኛ/ ዘመን መቁጠርን እናስተምር። ዓመታችን 13 ወር አለው። 12ቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ በየአራት ዓመቱ ግን 6 ይሆናል። 12 በ30 ሲባዛ 360 ነው። 5 ሲጨመርበት 365 ይሆናል። ልጅ ሲወለድ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፈን እናስቀምጥ። «የበጋው ድርቅ ጊዜ ነው የተወለደው» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሕፃኑን የክትባት ካርድም ቤተሰቡ አብሮ ያንብበው። ሕፃን እንደተወለደ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9ኛው ወርና በ15ኛው ወር ይሰጠዋል። ካርዱን የምታነብ እናት ቀኑን አታሳልፍም። እዚህ ላይ ማንበብ የሕይወት ጉዳይ ነው።

5ኛ/ «ለምን?» የሚል ልጅ አንቆጣ። ልጁ «ሊጡ ለምን ይነፋል?» ብሎ ቢጠይቅ «ዝም በል» አንበለው። በእርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ሕያው ነገሮች አሉ። ከዱቄቱ እየተመገቡ አየር ያወጣሉ። ሊጡን የሚነፋው ይህ አየር ነው። ምጣድ ላይ ሲጋገር አየሩ እየወጣ ሲሄድ የእንጀራው ዓይን ይሠራል። ብርድ ሲሆን እነዚህ ሕያዋን ሥራቸው ይዘገያል፤ ሙቀት ሲያገኙ ይበረታሉ። የዚያች ቤት እመቤት ቡሃቃውን ወደ ምድጃው ያስጠጉት ይህን በልምድ ስለሚያውቁ ነው። የማናውቀውን ከጠየቀን ደግሞ «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» እንበል። ይህ አያሳፍርም።

6ኛ/ በጨዋታ እናስተምር። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ?» «ሲነጋ ረጅም፣ በቀትር አጭር፣ ሊመሽ ሲል ደግሞ ረጅም።» መልሱ ጥላ ነው። ልጁ ካወቀው በማግሥቱ ውጭ ወጥቶ የራሱን ጥላ በእግሩ ይለካ። ጠዋት ስንት እግር፣ በ6 ሰዓት ስንት እግር እንደሆነ ይጻፈው። ካላወቀው ደግሞ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አገር መስጠትም ራሱ ትምህርት ነው። ሐረርን ቢሰጥ «ሐረር በየት በኩል ናት?» እንበለው፤ በምሥራቅ ናት። ጅማን ቢሰጥ በደቡብ ምዕራብ እንደሆነችና ብዙ ቡና እንደሚበቅልባት እንንገረው። መቀሌን ቢሰጥ ወደ ሰሜን ያሳይ። እንዲህ እያለ ከምድጃው ሳይነሣ አገሩን ይዞራል።

7ኛ/ ልጅ ወላጁን ያስተምር። አንድን ነገር በደንብ የሚያውቀው ለሌላ ያስረዳ ሰው ነው። ስለዚህ ልጃችን ያወቀውን ለእኛ ሲያስረዳ ያወቀው ይጠናከርለታል፤ እኛም የረሳነው ይመለስልናል። «ልጄ አስተማረኝ» ማለት ክብር ነው እንጂ ውርደት አይደለም።

8ኛ/ ዱላና ስድብ ከትምህርቱ ይራቁ። የተመታ ልጅ የሚያስበው ዱላውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ሲሳሳት እናርመው፤ ሲያውቅ «ጎሽ!» እንበለው። ሲደክመው ደግሞ እንተውለት። ነገም ማታ አለ።

የቤት ትምህርት የማይተካው ነገር

እዚህ ላይ አንድ ነገር መረሳት የለበትም። «ቤት ትምህርት ቤት ነው» ሲባል «ልጆች ትምህርት ቤት አይሂዱ» ማለት አይደለም። በቤት የሚገኘው ትምህርት መሠረት ነው። ጣራና ግድግዳው ግን ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪ የሚያውቀውን ሁሉ እኛ አናውቅም። ልጅም ከእኩዮቹ ጋር መማር አለበት።

በተለይ የሴት ልጅ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ሕፃን የምታዝለው እርሷ ናት። ማታም ሌላው ሲያነብ እርሷ ዕቃ ታጥባለች። እንዲህ ከሆነ ምሽቱ ጸጥታ ያለው የሚመስለው ለወንዶቹ ብቻ ነው። ሥራው ይከፋፈል። ወንድ ልጅ ውኃ ቢቀዳ፣ አባት ሕፃኑን ቢይዝ ምን ይጎድልበታል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም እንዴ!

ያ አባወራም ይህን ተረድተውታል። ደብዳቤው ከተነበበ በኋላ ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተማከሩ። የአምስቱን ቤት በጎች አንድ ላይ አድርገው የእረኝነት ተራ ገቡ። ቀድሞ አምስት ልጆች በየቀኑ ሜዳ ይውሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን አንዱ ቤት ተራው ሲደርስ ብቻ እረኛ ይልካል። ሌሎቹ አራት ልጆች የዚያን ቀን ነፃ ናቸው። ልጅቱም ትምህርት ቤት ገባች። ማንም ሀብታም አልሆነም። በጎቹም አልጠፉም።

የቤት ውስጥ ትምህርት ዝናብ አያዘንብም፤ ዕዳም አይከፍልም። ይህን አንዋሽም። ነገር ግን ደብዳቤያችንን ለራሳችን እናነባለን። እህላችንን ቆጥረን እናስቀምጣለን። ልጃችን የክትባት ቀኑ አያልፍበትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማታ ስንገባ የሚጠብቀን ነገር ይኖራል።

እኔ ከዚያ መንደር ልሄድ ስል አባወራው እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙኝ። ስንሰነባበት «ደብዳቤ ጻፍልን» አሉኝ። ከዚያም ፈገግ ብለው «ጽሕፈትህን ግን አታጠማዝዘው!» አሉ። በምጽፍላቸው ጊዜ ሁሉ ፊደሉን እያንዳንዱን ለይቼ፣ አስተካክዬ እጽፋለሁ። ምሽት ላይ፣ ከምድጃው ዳር፣ ማን ከማን ጎን ተቀምጦ እንደሚያነበው አውቃለሁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1/ አባወራው ደብዳቤውን ዘማቹ እንዲያነብላቸው ያልፈለጉት ለምንድን ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

2/ የቤቱ እመቤት ስለ ሊጥ የተናገሩት ምን ለማለት ነው?

3/ በቤታችሁ ውስጥ ሁላችሁም አብራችሁ የምትሆኑበት ሰዓት መቼ ነው? በዚያ ሰዓት ሩብ ሰዓት ለንባብ ማግኘት ይቻላል?

4/ በቤታችሁ ብዙ ሥራ ያለበት ማን ነው? ሥራውን እንዴት መከፋፈል ይቻላል?

5/ የልጆቻችሁን ስም፣ የተወለዱበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀቱን እንዳይጠፋ አስቀምጡት።